ክዳን ያለው ጠረጴዛ፦ ጎንደር ውስጥ ከአንድ አናጺ ቤት ያሠራሁት የቤት ቢሮ

ማራኪ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ታፔላ የሌለው አንድ አናጺ ቤት አለ። ሰፈርተኛው ቦታውን ሲጠቁም «ሳጥን የሚሠሩት አባት ዘንድ» ይላል እንጂ ሌላ ስም አይሰጠውም፤ ባለቤቱ በጉልምስናቸው ዘመን ለሙሽሮች የልብስ ሳጥን ይሠሩ እንደነበር የማያውቅ የአካባቢው ሰው ጥቂት ነው። በሚያዝያ ወር 2012 ዓ.ም. እዚህ ቤት ያሠራሁትን ጠረጴዛ እስከ ዛሬ እገለገልበታለሁ። የእንጨት ዕቃ ክረምትና በጋ ሳይፈራረቅበት ሊመሰገንም ሊወቀስም አይገባውም ብዬ ስለማምን እስካሁን ስለ እርሱ ከመጻፍ ተቆጥቤ ነበር፤ አምስት ክረምት ካለፈበት በኋላ ግን ጥሩውንም መጥፎውንም በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ።

ጠረጴዛው ለምን እንዳስፈለገኝ ሳልገልጽ ስለ አሠራሩ ብጽፍ አንባቢው ክዳን ምን ያደርግለታል ብሎ ይገረማል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ በሰየመ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ተዘጉ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ተከለከለ፤ እጅ ለእጅ መጨባበጥም እንዲሁ። እኔ በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ቅርንጫፍ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰባት ሆነን በአንዲት ክፍል ተጨናንቀን እንሠራ ስለነበር፣ አለቃችን ላፕቶፖቻችንንና የወሩን የወጪ ሰነዶች አስይዞ ወደየቤታችን የሸኘን አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ነው። የእኔ ቤት ደግሞ ከእናቴ ጋር የምንኖርባት፣ በአንድ የጋራ ግቢ ውስጥ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ናት። እናቴ ሰባ ዓመት ያለፋት የአስም ሕመምተኛ ስለሆነች ቤቱ ለእኔ ቢሮ፣ ለእርሷ ደግሞ ከዓለም መሸሸጊያ መሆን ነበረበት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ያሳለፍኩት ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ ላፕቶፑን ከፊት ለፊቴ ባለው ዝቅተኛ የሻይ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ አንገቴን እንደ ውሃ ቀጂ ደፍቼ ነው። ሰነዶቹ አልጋ ላይ ይነጠፋሉ፤ ማታ ደግሞ ከአልጋ ላይ ተነስተው ወለል ላይ ይደረደራሉ። አንድ ቀን የ18,000 ብር የነዳጅ ደረሰኝ ጠፍቶብኝ ግማሽ ቀን ሙሉ ፈለግኩት፤ በመጨረሻ ያገኘሁት በአራት ታጥፎ ከረከቦቱ አንድ እግር ሥር ነው። እናቴ ረከቦቱ እየተወላገደ ሲኒዎቹ ስለተንጫጩባት ደግፋበት ኖሯል። እርሷን ልወቅሳት አልችልም፤ በእርሷ አስተያየት ልጇ ፈቃድ ላይ ናት፣ ቤት ውስጥ የተበተነው ወረቀትም ወረቀት ነው። ወጡን አማስይልኝ፣ ጀሪካኑን ወደ ጥላ አስገቢልኝ፣ በሩን ማን እንዳንኳኳ እይልኝ እያለች ቀኑን ሙሉ ትጠራኛለች፤ እኔም ቀን ያልሠራሁትን ሌሊት ለመሥራት እገደዳለሁ።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ፒያሳ ካሉት የቤትና የቢሮ ዕቃ መደብሮች ዝግጁ ጠረጴዛ መግዛት ነበር። ማስክ አድርጌ ሁለት መደብሮችን ጎበኘሁ። ያሳዩኝ ጠረጴዛዎች በሙሉ የቺፑድ ሥራ ሲሆኑ መልካቸው ያማረ ቢሆንም ስፋታቸው በሰፊ ቢሮ ልክ ስለነበር፣ በእኛ በር እንኳ ቢገቡ እናቴ የምትተኛበትን ክፍል እኩሌታ ይወስዱ ነበር። ከዚህም በላይ ቺፑድ ውሃ አይወድም፤ ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ በአንድ በኩል ከተላቀቀና ውሃ ከገባበት እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል፤ ውሃ በወረፋ በሚመጣበትና በየጥጉ ባልዲና ጀሪካን በሚደረደርበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ሰሞን ዝግጁውን የገዛች የሥራ ባልደረባዬ በዓመቱ የጠረጴዛዋን ጠርዝ በፕላስተር ጠቅልላ ስትሠራበት አይቻለሁ።

ወደ አናጺው የሄድኩት ሚያዝያ 1 ቀን ነው። ከመሥሪያቸው ፊት ለፊት፣ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ መሬቱ ላይ በሰጋቱራ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ነበር፤ ደንበኛ ከዚያ መስመር ወዲህ አያልፍም። ነፋስ በበተነው ቁጥር እንደገና እያሰመሩ ነበር የሚሠሩት። የፈለግኩትን ነገርኳቸው፦ ባለ ሁለት መሳቢያ፣ ተራ ጠረጴዛ። የጠየቁኝ ስለ እንጨቱ ሳይሆን ስለ ቦታው ነው።

«የት ነው የምታስቀምጪው?»

«እናቴ በምትተኛበት ክፍል ነው፣ አባባ። እንግዳም የሚቀመጠው እዚያው ነው።»

«ማታስ ወረቀቱ የት ይገባል?»

«እዚያው ላዩ ላይ ይቆያል።»

መላጊያቸውን አስቀመጡና «ሊጥ እንኳ ማታ ይከደናል፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያም በእርሳስ ጣውላ ላይ ሣሉልኝ፤ የሣሉት በእግር ላይ የቆመ ሳጥን ነው። የሳጥኑ የፊት ገጽ ወደ ታች ተከፍቶ መሥሪያ ጠረጴዛ ይሆናል፤ ሥራ ሲያበቃ ወደ ላይ ታጥፎ ይቆለፋል። ሲዘጋ ከግድግዳው የሚወጣው 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሲከፈት ወደ 80 ይደርሳል። ወርዱ አንድ ሜትር ነው። እኔ ያዘዝኩት ሌላ፣ የተስማማሁት ሌላ ሆነ ማለት ነው፤ የዚህ አናጺ ቤት ትልቁ ችሎታም በእኔ አስተያየት ይኸው ነው፤ ለዕቃው ከመጨነቃቸው በፊት ዕቃው ለሚገባበት ቤት ይጨነቃሉ።

ልኬቱም በመስመሩ ምክንያት ያልተለመደ መልክ ነበረው። ሜትሩን ወርውረው ሰጡኝና ራሴን እንድለካ አዘዙኝ፤ በርጩማ ላይ ተቀመጪ፣ እግርሽን መሬት ላይ በሙሉ አሳርፊ፣ ክንድሽን ከክርንሽ እጠፊ፣ ከመሬት እስከ ክርንሽ ስንት ነው አሉኝ። 64 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ኪቦርድ ላይ የሚጽፍ ሰው ጠረጴዛ ከክርኑ ከፍታ ጋር እኩል ወይም ለጥቂት ዝቅ ያለ ካልሆነ ትከሻው ቀኑን ሙሉ እንደተሰቀለ ይውላል፤ በገበያ ላይ ያለው የጠረጴዛ ከፍታ ደግሞ በአብዛኛው 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ እንደ እኔ ላለች አጭር ሴት ሁልጊዜም ከፍ ይላል። ይህን ሁሉ ተነጋግረን ቁጥሩን ጣውላው ላይ ጽፈው ነበር የተለያየነው።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሥራው ለፋሲካ ይደርሳል ብለው የዋጋውን እኩሌታ ቀብድ ተቀበሉኝ፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፤ ጠረጴዛው የመጣው ግን ሚያዝያ 24 ነው። ማጠፊያውና ቁልፉ እንዳልተገኘ በኋላ ገለጹልኝ፤ ተሽከርካሪዎች ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭኑ በታዘዙበት፣ ዕቃም እንደ ልብ በማይመጣበት ወቅት ይህ የሚታመን ምክንያት ነው። የማልቀበለው ስልክ አለማንሳታቸውን ነው። ለአሥራ ሦስት ቀናት ያህል በየማለዳው ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም፤ መሥሪያቸው ድረስ በእግር እየሄድኩ፣ ከሰጋቱራው መስመር ማዶ ቆሜ «ነገ» የሚል መልስ ይዤ እመለስ ነበር። ዕቃ ለዘገየበት ሰው ትክክለኛውን ቀን ቀድሞ መንገር ከሥራው ጥራት ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ፋሲካንም ያሳለፍነው ሶፋው ላይ ነው፤ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው እንዲያከብሩ ታዝዞ ስለነበር እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ቆማ ስትሰግድ፣ እኔ የአልጋውን ወረቀት ሰብስቤ ለበዓሉ ቦታ ለማስለቀቅ ስታገል አመሸሁ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከፍታው ነው። ዕቃው ሲመጣ 64 የሚለው ቁጥር ተዘንግቶ የመሥሪያው ገጽ 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ተሠርቷል። ደውዬ ባገኘኋቸው ጊዜ ያልካዱ መሆናቸው ደስ አሰኝቶኛል፤ «እጄ የለመደውን ሠርቶ ነው» አሉና በማግስቱ መጋዝና እስኳድራ ይዘው ግቢያችን መጡ። ጠረጴዛውን ግቢው መሀል ገልብጠው አራቱንም እግር አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ቆረጡለት። ጎረቤቶቻችን በየደጃፋቸው በርጩማ አውጥተው ተቀምጠው ትዕይንቱን ተመለከቱ፤ ሰው ከሰው መገናኘት ባቆመበት በዚያ ሰሞን ግቢያችን እንደዚያ ቀን ደምቆ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። አንዷ ጎረቤታችን የተቆረጡትን እግሮች ለማገዶ ለምና ወሰደች።

ስለ እንጨቱ ትንሽ ዘርዘር ማድረግ ይገባል፣ የዚህ ዕቃ ጥንካሬም ድክመትም ያለው እዚያ ላይ ነውና። ሳጥኑና ክዳኑ ዋንዛ ነው። አዲስ የዋንዛ ጣውላ ውድ ስለሆነ አናጺው የተጠቀሙት ከአንድ አሮጌ አልጋ የተፈታ ጣውላ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ደርቆ የኖረ እንጨት በመሆኑ ከዚህ ወዲያ በቀላሉ አይጣመምም፣ አይሰነጠቅም። በእርግጥም እስከ ዛሬ ክዳኑ ሲከፈት እንደ ገበታ ቀጥ ያለ ነው፤ በአንድ በኩል ሁለት የድሮ ምስማር ቀዳዳዎች በኮላና በሰጋቱራ ተደፍነው ይታያሉ፣ እኔ ግን እወዳቸዋለሁ። እግሮቹ ግን ባሕር ዛፍ ናቸው፤ ያውም በበቂ ሁኔታ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ። የጎንደር ክረምት ሐምሌ ላይ ሲበረታ የኋላው ግራ እግር በትንሹ ተጠማዘዘ፤ ሳጥኑ ዘመመ፤ የቁልፉ ምላስ ከቀዳዳው ጋር አልገናኝ አለ፤ የጎኑ መሳቢያ አብጦ በሁለት እጅ ጎትቼ እንኳ የማልከፍተው ሆነ።

በዚህ ጊዜ ያገኘሁት አገልግሎት ግን በመዘግየቱ የያዝኩባቸውን ቅሬታ በእጅጉ ያቀለለ ነው። በደወልኩ በሦስተኛው ቀን መጥተው መሳቢያውን ላጉት፣ መሄጃውን በሻማ አሹት፣ የቁልፉን ቀዳዳ አስፉት፣ ከጠመመው እግር ሥር ቀጭን የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ለጥፈው አስተካከሉት። ምስጥ እንዳይገባበትም የእግሮቹን ጫፍ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡልኝ፤ ሽታው ሳምንት ቆየ፣ ምስጥ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አልጠየቁም፤ ለመስጠት ስሞክርም ከደጃፉ ሳያልፉ የቀረበላቸውን ሻይ ብቻ ጠጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ መግቢያ መሳቢያውን እኔው በሻማ አሸዋለሁ።

አንድ ጉድለት ደግሞ የእኛው ጥፋት ነው። ዕቃው ከሸክም ሲወርድ ማን እንደነካው አይታወቅም በሚል ፍርሃት እናቴ በጨርቅ በረኪና ነክራ ክዳኑን ከዳር እስከ ዳር ወለወለችው። ቫርኒሹ ገና በደንብ አልደረቀም ነበርና የመዳፍ መጠን ያለው ነጣ ያለ ምልክት ቀኝ ጥጉ ላይ ቀርቷል። አናጺው አይተው ሳቁና እንደገና ልቀባው ወይ አሉኝ፤ እኔም ይቆይ አልኳቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ይኸውም ክዳኑ ነው። ክዳኑ ወደ ታች ሲዘረጋ የሚያርፈው ከሳጥኑ ሥር ተስበው በሚወጡ ሁለት የእንጨት ደጋፊዎች ላይ ነው። ውስጡ ሦስት ክፍልፋይ አለው፤ አንዱ ያልተመዘገበ ሰነድ፣ አንዱ የተመዘገበ፣ ሦስተኛው ጥያቄ ያለበት የሚቀመጥበት ነው። ከኋላ ለቻርጀር ገመድ ማሳለፊያ የተበሳው ቀዳዳ ጠቦ ነበርና በቢላዋ አሰፋሁት። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደጋፊዎቹን ስቤ፣ ክዳኑን ዘርግቼ፣ የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራሜን ፒችትሪን እከፍታለሁ፤ ማታ 11 ሰዓት ላይ ወረቀቱን በየክፍልፋዩ መልሼ፣ ክዳኑን አንስቼ እቆልፋለሁ። ሲዘጋ ቁም ሳጥን ይመስላል፤ እናቴ አናቱ ላይ ሬዲዮዋንና የፕላስቲክ አበባዋን ታስቀምጣለች። ላዩ ላይ ወረቀት ተዘርግቶ ከቀረ ክዳኑ ስለማይዘጋ፣ በየማታው ሳልወድ በግዴ ሰነዶቼን እለያለሁ፤ በዚህ ምክንያት የባንክ ማስታረቂያ ሥራዬ፣ ማለትም መዝገባችንን ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከሩ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን በወቅቱ አልቆ አያውቅም።

እኔን ካስገረመኝ ግን እናቴን የለወጣት ነገር ይበልጣል። ላፕቶፕ ላይ ተጎንብሼ ስታየኝ ሥራ ላይ መሆኔን አላመነችም ነበር፤ ክዳኑ ሲዘረጋ ግን ያለ ማንም አስረጂ ገባት። በሁለተኛው ሳምንት ልታናግረኝ ስትፈልግ የሳጥኑን ጎን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ መልስ መጠበቅ ጀመረች። ጎረቤት በአጥር በኩል ሲጠራኝ «ቢሮ ገብታለች፣ በስድስት ሰዓት ተኩል ትወጣለች» ስትል ሰማኋት፤ የምታወራው ከእኔ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእርሷ እሆናለሁ። ከወረርሽኙ በፊት ቡናዋን የምትጠጣው ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር ነበር፤ የጽዋ ማኅበሯም፣ የለቅሶ ቤት መድረሱም በአንድ ጊዜ ተቋርጦባት ስለነበር የእርሷ ብቸኝነት ከእኔ የከፋ ነው። ስለዚህ 4 ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ክዳኑን ዘግቼ ከእርሷ ጋር ቡና መጠጣት ልማድ አደረግን። በኋላ ጎረቤቶቹም በዚያው ሰዓት እያንዳንዳቸው ጀበናቸውን በየደጃፋቸው ጥደው፣ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጫወት ጀመሩ፤ «አቦሉ ወረደ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከግቢው አንድ ጥግ ወደ ሌላው ሲሻገር እሰማለሁ። የአንድ ቤት ጠረጴዛ መዘጋት የግቢው ሁሉ ሰዓት ሆኖ አረፈው።

ይሁን እንጂ ክዳን ሥራን የሚገታው ሥራው በሳጥኑ ውስጥ እስከገባ ድረስ ብቻ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠና ለሦስት ሳምንታት ያህል ሳይመለስ ቆየ፤ ሒሳብ በመዝጊያው ሳምንት ላይ ላለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሙያ አጋሮቼ ያውቁታል። ሰነዶቹ በኢሜይል መምጣታቸው ቀርቶ በወረቀት፣ በባጃጅ፣ በካርቶን መምጣት ጀመሩ፤ እኔም የመዘገብኩትን በፍላሽ ይዤ ቢሮ ደጃፍ ድረስ እወስዳለሁ። ካርቶኖቹ ከሳጥኑ አልፈው ከእናቴ አልጋ ሥር ገቡ። ክዳኑ ለዘጠኝ ቀናት ሳይዘጋ አደረ። በሰባተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እናቴ ሌሊት ከእንቅልፏ ነቅታ «ዛሬም ቢሮሽ አይዘጋም?» አለችኝ፤ የምመልስላት አልነበረኝም። ሐምሌ 2 ቀን ጠዋት ክዳኑን አንስቼ ስዘጋው ደጋፊዎቹ ተጭነው ከመቆየታቸው የተነሳ ወደ ውስጥ አልገፋ ብለውኝ በመዶሻ መታ መታ አድርጌ አስገባኋቸው።

ላፕቶፕ ለሚጠቀም ሰው ሌላም ማሳሰቢያ አለኝ። ጠረጴዛው ለክንድ ሲመች ስክሪኑ ለዓይን ዝቅ ይላል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስማማት አይቻልም። አናጺው ከተረፈው ዋንዛ 14 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላት ትንሽ መደገፊያ ሠሩልኝ፤ ላፕቶፑን እርሷ ላይ አስቀምጬ፣ ከፒያሳ በ350 ብር በገዛሁት ኪቦርድ እጽፋለሁ፤ የአንገቴ ሕመም በወሩ ቀነሰ። አብረው የሠሩልኝን ወንበር ግን ለማንም አልመክርም። ጀርባው ቀጥ ያለ፣ መቀመጫው ደረቅ፣ የተሠራውም ለድግስ እንጂ ለስምንት ሰዓት ሥራ ያልሆነ ነው፤ የበግ አጎዛ ካላነጠፍኩበት ከአንድ ሰዓት በላይ አልችለውም። ሁለት ስክሪን የሚጠቀም ወይም ፕሪንተሩን ከፊቱ ማድረግ የሚፈልግ ሰውም ይህ ጠረጴዛ አይበቃውም። በዙም ስብሰባ ላይ ደግሞ ጀርባዬ ወደ ግቢው በር ስለሚሆን የጎረቤት ዶሮ ከሪፖርቴ ይልቅ በባልደረቦቼ ዘንድ ትታወቃለች፤ ይህ የአናጺው ጥፋት አይደለም።

ዋጋውን በተመለከተ ለጠረጴዛው 4,800፣ ለወንበሩ 1,300፣ ለሁለት ተሸካሚዎች 200 ብር ከፍያለሁ። በዚያን ጊዜ ፒያሳ ያየሁት የቺፑድ ጠረጴዛ 5,500 ብር ነበር። ዛሬ በዚያ ዋጋ ጣውላው ብቻ እንኳ አይገኝምና ቁጥሩን ለንጽጽር ያህል እንጂ ለድርድር ይዞ መሄድ አይጠቅምም። ማሠራት የሚፈልግ ሰው እግሩም እንደ ሳጥኑ ከደረቀ እንጨት እንዲሆን አጥብቆ ይጠይቅ፤ ትርፍ ቢያስከፍልም ያዋጣል። ከፍታውን በወረቀት ጽፎ ይስጣቸው፤ ዕቃውን ከመረከቡ በፊትም እዚያው በሜትር ይለካው። ቢቻል ከግንቦት በፊት ይዘዝ፣ ቫርኒሹ በክረምት ቶሎ አይደርቅምና። ተስፋ በተሰጠው ቀን ላይ ደግሞ ሁለት ሳምንት ይጨምርበት።

እኔ መስከረም 2013 ዓ.ም. ወደ ቢሮ ተመልሻለሁ፤ ጠረጴዛው ግን በየሰኔው መዝጊያና አልፎ አልፎ በቅዳሜዎች ይዘረጋል። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ጠፋብኝ። ሁለተኛውን እናቴ ከዚያ የዘጠኝ ቀን ሰኔ በኋላ ወስዳ ከልብስ ሳጥኗ ቁልፍ ጋር በማተቧ ላይ አንጠልጥላዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲኖርብኝ ምን ያህል እንደምቆይ ተናግሬ ነው የምትከፍትልኝ።